ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት፦ መርምሮ መስጠት ወይስ ለጠየቀ ሁሉ?

ጥያቄ_አለኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አንድ አጥቢያ ለነዳያን ብቻ የሚውል ሙዳየ ምጽዋት ሊያቆም ነው እንበል። የሚገባው ገንዘብ ቢበዛ 20 ቤተሰብ ይደግፋል፤ የሚጠይቀው ግን የዚያ እጥፍ ነው። ደንብ እንዲያረቁ የተመረጡት ሰዎች ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ተለያይተዋል። ግማሾቹ «ለሚለምንህ ስጥ» (ማቴ 5፥42) ተብለናል፣ የድሀ ጓዳ መበርበር የእኛ ሥራ አይደለም ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» (2ኛ ተሰ 3፥10) የሚለውን ይዘው ቅጽ ይሞላ፣ ማስረጃ ይቅረብ፣ አጣሪ ይሰየም ይላሉ።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። መጽሐፉና አበው በዚህ ጉዳይ ላይ በትክክል ምን ይላሉ? በተግባርስ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን፣ ማን ይመዝገብ፣ ስንት ይሰጥ፣ በእህል ይሁን በገንዘብ? «ዋናው ፍቅር ነው» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ አደራ።

---

ነገረ_አበው

የአርቃቂዎቹ ጠብ አዲስ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ሁለት ታላላቅ አባቶች በዚሁ ነገር ላይ የሚቃረን የሚመስል ትምህርት ትተውልናል።

ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር ሲሰብክ፣ ድሀ እንዲረዳ የሚያበቃው ችግሩ ብቻ ነው ይላል። ኑሮውን፣ ጠባዩን፣ ያለፈ ታሪኩን ልመርምር ብንል ለማንም ሳንራራ ዕድሜያችን ያልቃል። በዕብራውያን መልእክት ላይ ባስተማረው 11ኛ ድርሳኑ ደግሞ ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል፦ ካህን ነኝ ብሎ የመጣውን መርምር፣ የምትተባበረው በምሥጢር ነውና፤ ምግብ ፈልጎ የመጣውን ግን አትመርምር።

ባስልዮስ በ150ኛ ደብዳቤው የሚለው ሌላ ነው። በእውነት የተቸገረውንና ልመናን የስስት መተዳደሪያ ያደረገውን ለመለየት ልምድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ንብረቱን ለድሆች የሚያውል ሰው ራሱ ከሚያድል ይልቅ ለነዳያን አገልግሎት ለተሾመው ይስጥ። ይህን የጻፈው ልቡ የደነደነ ሰው አይደለም። በ369 ገደማ፣ ገና ቄስ ሳለ፣ በቂሳርያ ዘቀጰዶቅያ ረሃብ ሲገባ ጎተራ ያላቸውን ወቅሶ ያስከፈተ፣ በኋላም ጳጳስ ሆኖ ከከተማው ውጭ ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ማረፊያ ያሠራ አባት ነው።

እኔ ሁለቱን የማነባቸው እንዲህ ነው። አፈወርቅ የሚናገረው ከራሱ ኪስ ለሚሰጥ ሰው ነው። ባስልዮስ የሚናገረው የሌሎችን ምጽዋት በአደራ ስለሚያድል ሰው ነው። የራስህን ስትሰጥ ብትታለል የተጎዳኸው አንተ ነህ። የጋራውን ይዘህ ብትታለል ግን ተራዋን ጠብቃ ያልደረሳት መበለት ናት የምትጎዳው። ስለዚህ መመርመር የአዳዩ ግዴታ እንጂ የእያንዳንዱ ምእመን መብት አይደለም። የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ይህን ቢል ሁለቱም ወገን ጥቅሱን ይዞ መቀመጥ ይችላል።

---

መዝገበ_ቃል

በተሰሎንቄው ጥቅስ ላይ ጥቂት ልጨምር፣ ከቦታው ተነቅሎ ድሀ የሚመታበት ዱላ ሆኗልና። ቃሉ «የማይሠራ» አይልም፤ «ሊሠራ የማይወድ» ነው የሚለው። ግሪኩም ፈቃድን፣ መውደድን የሚያመለክት ግስ ነው። ሥራ ያጣ፣ የታመመ፣ ያረጀ፣ የሚያጠባ ሕፃን የያዘች እዚህ ውስጥ የሉም። በዚያው ምዕራፍ 3፥11 የተወቀሱት በሰው ነገር እየገቡ ያለ ሥራ የሚዞሩ ናቸው። በ3፥13 ደግሞ ጳውሎስ ወዲያው «መልካም ሥራን ለመሥራት አትታክቱ» ይላል። አንዱን ቁጥር ጠቅሶ ሌላውን መዝለል አይቻልም።

«ድሆችስ ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው» (ማቴ 26፥11) የሚለውም እንዲሁ ነው። ሰዎች «ድህነት አይጠፋም፣ ምን አደከመህ» ለማለት ይጠቅሱታል። ጌታ የሚጠቅሰው ግን ዘዳግም 15፥11ን ነው፤ እዚያ ያለው ትእዛዝ ደግሞ «ድሀ ከምድርህ አይታጣምና እጅህን ክፈት» የሚል ነው። አለመታጣታቸው ለመስጠት የቀረበ ምክንያት ነው እንጂ ላለመስጠት አይደለም።

---

ለምን_ባይ

ነገረ_አበው፣ ክፍፍልህ ያምራል፤ ግን አንድ ሰው ያፈርሰዋል። የእስክንድርያው ዮሐንስ መጽውት ከራሱ ኪስ አልነበረም የሚሰጠው፣ የቤተ ክርስቲያኒቱን ነበር። አንድ ሰው ልብሱን እየለዋወጠ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሲለምን አዳዮቹ ለይተውት ነገሩት። እርሱ በሦስተኛው ጊዜ እጥፍ አድርጋችሁ ስጡት አለ፤ ምናልባት የሚፈትነኝ ክርስቶስ ይሆናል ብሎ። ይህ ጳጳስ አጣሪ ኮሚቴ ቢኖረው ምን ይል ነበር?

---

ነገረ_አበው

ታሪኩ ትክክል ነው። ሌላውንም ግማሽ አንብበው እንጂ። ያው ዮሐንስ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለመንበሩ ሲበቃ መጀመሪያ ያደረገው ነገር «ጌቶቼን» መዝግባችሁ አምጡልኝ ብሎ መጋቢዎቹን ከተማው ውስጥ ማሰማራት ነበር። ጌቶቼ የሚላቸው ድሆችን ነው። ከ7500 በላይ ሰው ተመዘገበ፤ የዕለት ድጎማም ተቆረጠላቸው። መዝገቡ ቀድሟል፤ ያ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው ሰው የተስተናገደው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ወደ ደንብ ስትመልሰው፦ ከገንዘቡ ጥቂቱ ሳይመረመር በር ላይ የሚሰጥ ሆኖ ይቀመጥ። መዝገቡ የቀሩትን ይጠብቃል፣ የበሩ ድርሻ ደግሞ መዝገቡ የሚስተውን ሰው ይይዛል።

---

ቋሚ_አንባቢ

ስለ መዝገብ ከተነሣ አይቀር፣ ነገሩ ከባዕድ ቢሮ የተቀዳ የሚመስለው ካለ ያስታውስ፦ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ራሱ የተመዝጋቢዎች መስፈርት ነው። ዕድሜ ከ60 ያላነሰ፣ የአንድ ባል ሚስት የነበረች፣ በመልካም ሥራ የተመሰከረላት። ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ካሏት መጀመሪያ እነርሱ ይጡሯት (5፥4)፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያን በእውነት ባልቴቶች የሆኑትን ትረዳ ዘንድ (5፥16)። በ251 ገደማ የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ አገልጋዮቹን እየቆጠረ ሲዘረዝር 46 ቀሳውስት፣ 7 ዲያቆናት እያለ ይሄድና ከ1500 የሚበልጡ መበለቶችና ችግረኞች በቤተ ክርስቲያን ይረዳሉ ይላል። ያንን ቁጥር ያለ መዝገብ ማን ያውቀዋል?

---

እህተ_ማርታ

ወደ ተግባሩ ልምጣ፣ የጠያቂው ግማሽ ጥያቄ እዚያ ነውና።

ምዝገባ ቤት ሄዶ ነው እንጂ ቢሮ አስጠርቶ አይደለም። ሁለት ሰው ይሂድ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ሁለቱም የቤቱ ዘመድም ጎረቤትም አይሁኑ፤ ጎረቤት ወይ ያዝናል ወይ ይቀናል፣ በሁለቱም በኩል ሚዛኑ ይዛባል። ቀጠሮ ይያዝ። ድንገት ደርሶ ድስት መክደኛ መግለጥ ምርመራ ሳይሆን ውርደት ነው። ዘዳግም 24፥10-11 አበዳሪ እንኳ መያዣ ለመቀበል ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዝዛል። እንግባ ካልን ተፈቅዶልን ነው የምንገባው።

«ችግርህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ የሚመጣው መልስ ንግግር ነው። የሚጠቅሙት የሚቆጠር መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። ትናንት ቤቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ተበላ? ልጆቹና ትልልቆቹ እኩል በሉ ወይስ ትልልቆቹ ዘለሉ? ባለፉት 3 ወራት ከቤት ምን ተሸጠ? ለማን ስንት ዕዳ አለ? የቤት ኪራይ ስንት ወር ተወዘፈ? ከትምህርት የቀረ ልጅ አለ? ሌላ የሚረዳ አካል አለ? የዕለት መገልገያ ዕቃ ከተሸጠ፣ ከዚያ የሥራ መሣሪያ ከተሸጠ፣ ያ ቤት እየሰመጠ ነው። መሣሪያው ሳይሸጥ መድረስ ከተሸጠ በኋላ ከመግዛት እጅግ ይቀልላል።

የጎብኚዎቹ ወረቀት ላይ «በጣም ያሳዝናል»፣ «ብዙም የተቸገሩ አይመስሉም» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳይጻፍ። የታየውና የተነገረው ብቻ ይጻፍ፤ ፍርዱን ተቀምጠው የሚያነቡት ይስጡ።

ከዚያ በሦስት መደብ ይለዩ። ድንገተኛ፦ ሞት፣ እሳት፣ ሕመም፣ ከቤት መባረር፤ እርዳታው አንድ ጊዜ ነው። ጊዜያዊ፦ ሥራ ያጣ፣ ያገግማል የተባለ በሽተኛ፣ አራስ፤ ከ3 እስከ 6 ወር፣ መጨረሻው ቀን ገና ሲጀመር የሚጻፍ። ቋሚ፦ ጧሪ የሌለው አረጋዊ፣ መሥራት የማይችል አካል ጉዳተኛ፣ ወላጅ አልባ ሕፃናት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል እንጂ በየወሩ «ገና ድሀ ነህ?» አይባልም። አብዛኛው መዝገብ የሚበላሸው ጊዜያዊው ሳይታወቅ ቋሚ ሲሆን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ሰው የሚገባበት ቦታ አይኖርም።

ሌላው ትልቅ ስሕተት ደግሞ የጠየቀውን ብቻ መመዝገብ ነው። የሚጮኸው ይገባል፣ የሚያፍረው ይቀራል፣ አልጋ ላይ የዋለው ጭራሽ አይታወቅም። ለጎብኚዎች እንዲህ ብላችሁ ደንግጉ፦ ከምታቀርቧቸው 4 ቤቶች አንዱ ራሱ ያልጠየቀ ይሁን። ይህች አንዲት መስመር የመዝገቡን መልክ ትቀይራለች።

ጧሪ እያላቸው ስለተጣሉ አረጋውያን አንድ ቃል፦ ጳውሎስ ልጆች ይጡሩ ይላል፣ ልክ ነው። ሽማግሌ ልኮ ልጆቹን ማነጋገር ያስፈልጋል። ሽምግልናው እስኪያልቅ ግን እናትየዋ አትራብ። ድጋፉ ይጀመር፤ ልጆቹ ሲስማሙ ይቆማል።

---

ለምን_ባይ

ይህን ሁሉ አነበብኩ፤ ያልተመለሰልኝ አንድ ነገር አለ። በማቴዎስ 25 ጌታ «ተርቤ አብልታችሁኛልና» ሲል ቅጽ ስለመሙላት አልጠቀሰም። የታሰረን መጠየቅ፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ ሰው ለሰው ነው። ኮሚቴ ሲቋቋም ምእመኑ «እዚያ ጥያለሁ» ብሎ ከድሀው ይሸሻል። ሣጥኑ ራሱ የመሸሻ ግድግዳ ይሆናል።

---

ነገረ_አበው

ይህ እውነተኛ አደጋ ነው፤ አልከራከርህም። አፈወርቅም በቁስጥንጥንያ ሲሰብክ በየቤታችሁ ለእንግዳ የሚሆን ክፍል ይኑር፣ ቤተ ክርስቲያን ማረፊያ አላት ብላችሁ አትመኩ ይል ነበር። ሣጥኑ የማይችለው ነገር አለ፦ መጠየቅ፣ አብሮ መቀመጥ፣ በስም መጥራት። እህተ_ማርታ ባለችው ላይ እንዲህ ቢጨመር፦ እያንዳንዱ ቋሚ ተረጂ ቤት ገንዘብ የማያደርስ፣ የማይጽፍ፣ ዝም ብሎ የሚጠይቅ አንድ ቤተሰብ ይመደብለት። ጠያቂውና አዳዩ አንድ ሰው ከሆነ ጥየቃው ሁሉ ቁጥጥር ይመስላል።

ግን በሐዋርያት ሥራ 6 የሆነውንም አትርሳ። ያኔ ፍቅር አልጎደለም፤ ሁሉ የጋራ ነበር። ያም ሆኖ ከግሪክ አገር መጥተው የነበሩት መበለቶች በዕለት አገልግሎት ተዘነጉ። ሐዋርያት ስብከት አልጨመሩበትም፤ ሰባት ሰው አስመረጡ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ አንዱማ ወደ ይሁዲነት የገባ የአንጾኪያ ሰው ነው። ቅሬታ ካነሣው ወገን አዳዮቹን መሾም ማለት ይህ ነው። እናንተም አዳይ ስትመርጡ ተረጂዎቹ ከሚኖሩበት ወገን ቢያንስ አንድ ሰው ይግባ።

---

ሒሳብ_ሠሪዋ

ገንዘቡን ለእኔ ተዉልኝ።

2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21ን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን የገንዘብ ያዥ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ለዚህም ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲጓዝ አደረገ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥1-4ም አሰባሰቡ ተዘርዝሯል፦ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን፣ እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን ያስቀምጥ፤ የሚያደርሱትን ራሳችሁ ፈትናችሁ ምረጡ፣ ከደብዳቤ ጋር እልካቸዋለሁ። ሐዋርያው ራሱ ብቻውን ያልያዘውን ገንዘብ ማንም ብቻውን አይያዝ።

አሠራሩ፦ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፣ ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ይያዙት። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ቀጣሪና ተቀጣሪ አብረው ቁልፍ አይያዙ። የሚከፈትበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ ከጸሎት በኋላ በዚያው ሰዓት ይቆጠር፣ ለነገ ተብሎ አይደር። ድምሩ በአኃዝም በፊደልም ተጽፎ ሦስቱ ይፈርሙ። በማግሥቱ ባንክ ይግባ። ከባንክ ለማውጣት ሁለት ፊርማ፤ ከሚፈርሙት አንዱ ከቆጣሪዎቹ ውጭ ይሁን። ከሣጥኑ በቀጥታ ለማንም አይሰጥ፣ «ዛሬ ቸኩሎ የመጣ ሰው ነበር» የሚለው ሰበብ የመጀመሪያው ቀዳዳ ነውና። የበር ላይ ድርሻ የተባለው ገንዘብ በወሩ መጀመሪያ ወጥቶ ለአንድ ተጠያቂ ይሰጥ፤ የሰጠበትን ቀንና መጠን ብቻ ይጻፍ፣ ስም አያስፈልግም።

ሁለት ደብተር ያዙ። በአንዱ የተረጂው ስም፣ የቤተሰቡ ቁጥርና ዕድሜ፣ የጉብኝት ቀንና የሚታይበት ቀን ይሁን፤ ይህ ተቆልፎ ይቀመጣል። በሌላው የወጪ መዝገብ ስም የለም፣ የመዝገብ ቁጥር ብቻ። ኦዲተሩ የወጪውን ያያል፤ ቁጥሩን ከስም ማመሳከር ካሻው በሁለት ሰው ፊት፣ ጥቂቱን መርጦ። ለጉባኤ በየ3 ወሩ የሚነበበው ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቤተሰብ በየትኛው መደብ ተረዳ የሚለው ነው። ስም ከተነበበ ምጽዋት በስውር ይሁን የሚለው ማቴዎስ 6 ፈርሷል።

ክፍፍሉን በተመለከተ ሰው የተለያየ ሐሳብ ሊኖረው ይችላል። እኔ የምመክረው 60 ከመቶ ለቋሚና ለጊዜያዊ፣ 25 ለድንገተኛ፣ 15 ለበር ነው። የቋሚ ተረጂ ቁጥር የሚወሰነው ጥሩ በነበረው ወር ሳይሆን ባለፉት 12 ወራት ዝቅተኛ ገቢ በነበረባቸው 3 ወራት አማካይ ነው። አዲስ ሣጥን ከሆነ 3 ወር ሰብስቡና ከዚያ ጀምሩ። ሰው ቋሚ ብለህ መዝግበህ በአራተኛው ወር «ገንዘብ አለቀ» ማለት መጀመሪያውኑ ካለመመዝገብ ይከፋል፤ ዕዳውን አንተን አምኖ ገብቷልና።

በመጨረሻም አንድ አንቀጽ በቀይ ቀለም ጻፉ፦ ከዚህ ሣጥን ለሕንፃ፣ ለጥገና፣ ለበዓል በብድርም ቢሆን አይወሰድ። «እንመልሳለን» ተብሎ የወጣ የድሆች ገንዘብ የሚመለሰው ስንት ጊዜ ነው? ታሪኩ የሚያውቀው ተቃራኒውን ነው። የሚላኖው አምብሮስዮስ የቤተ መቅደስ ንዋያትን አቅልጦ ምርኮኞች ዋጀ። የአሚዳው ጳጳስ አካክዮስ በአምስተኛው መቶ ዓመት የወርቅና የብር ዕቃዎችን አስቀልጦ 7000 የፋርስ ምርኮኞችን አብልቶ ወደ አገራቸው ሰደደ። ከመቅደስ ወደ ድሀ ነው እንጂ ከድሀ ወደ መቅደስ የሄደ የሚመሰገን ምሳሌ አላውቅም።

---

ሚዛን

«ስንት ይሰጥ» ለተባለው በእህል ከሆነ መስፈሪያ አለው። በአስቸኳይ እርዳታ ሥራ ለአንድ ሰው በቀን የሚታሰበው 2100 ኪሎ ካሎሪ ነው። የተለመደው የምግብ ቅንብር በቀን ለአንድ ሰው 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ዘይት፣ 5 ግራም አዮዲን ያለው ጨው ነው፤ ላዩ ላይ የተመጣጠነ ዱቄትና ጥቂት ስኳር ይጨመራል። ለ5 ሰው ቤተሰብ ለ30 ቀን ሲባዛ 60 ኪሎ እህል፣ 9 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 3.75 ኪሎ ዘይት፣ 750 ግራም ጨው ይወጣል። ልብ በሉ፣ እህሉ፣ ጥራጥሬውና ዘይቱ ብቻቸውን 1800 ገደማ ነው የሚሞሉት፤ ስለዚህ ሌላ ምንም ገቢ ለሌለው ቤት አይበቃም። ለአንድ ቤተሰብ 10 ኪሎ እህል ሰጥቶ «የወር ቀለብ» ብሎ መመዝገብ ራስን ማታለል ነው፤ ለ5 ሰው 5 ቀን ነው የሚሄደው። አነስተኛ ከሆነ አነስተኛ ነው በሉ፣ ለስንት ቀን እንደሆነም ጻፉት።

በገንዘብ ወይስ በዓይነት? ገበያው ዕቃ ካለውና ሰውየው መገበያየት ከቻለ ገንዘብ ይሻላል። የሚያስፈልገውን ከእኛ በተሻለ ያውቃል፤ መጓጓዣና መጋዘንም ይቀራል። ገንዘቡን ከቤት የሚነጥቅ ሰው ካለ፣ ወይም የመጠጥ ችግር ከታወቀ በዓይነት ይሁን፤ ወይም ኪራዩን ለአከራዩ፣ የመድኃኒቱን ለመድኃኒት ቤቱ በቀጥታ ክፈሉ። የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜ የገንዘብ ድጎማው በየ3 ወሩ ካልተከለሰ በዝምታ ይቀንሳል።

የማይሰጥም አለ። የሕፃን ዱቄት ወተት ሐኪም ካላዘዘ በቀር ለሚያጠቡ እናቶች አትስጡ፤ ንጹሕ ውሃ በሌለበት ተቅማጥ ያመጣል፣ የእናትየውም ወተት ይቀንሳል። ከሰው ቤት የተረፈ መድኃኒት አትቀበሉ። ልብስ ከሆነ ታጥቦ፣ ቁልፉና ዚፑ ተሟልቶ፣ በመጠን ተለይቶ ይግባ። ራሳችሁ የማትለብሱትን መስጠት ቁም ሣጥን ማጽዳት እንጂ ምጽዋት አይባልም።

---

ጥያቄ_አለኝ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ቀረ። ብድር የሚጠይቁ አሉ፣ በተለይ ለሥራ መነሻ። ከአጥቢያው ውጭ የሆኑ፣ ሌላ እምነት ያላቸውም ይመጣሉ። የሚሰጡ ሰዎች ደግሞ ሲታደል ፎቶ እንዲነሣ ይፈልጋሉ፤ «ሌላው አይቶ እንዲሰጥ» ይላሉ።

---

መዝገበ_ቃል

ብድሩን እኔ ልውሰድ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ለድሀ ስታበድር ወለድ አትጫንበት (ዘጸ 22፥25)፤ ልብሱን መያዣ ከወሰድክ ፀሐይ ሳይገባ መልስለት፣ የሚተኛበት እርሱ ነውና። ዘዳግም 15፥9 የሚያስጠነቅቀው ደግሞ ዕዳ የሚተውበት ሰባተኛ ዓመት ቀረበ ብሎ እጁን የሚሰበስበውን ነው። ማለትም ላይመለስ እንደሚችል እያወቅህ አበድር። ከዚህ የሚወጣው ደንብ፦ የማይመለስ መሆኑ ከተገመተ ከመጀመሪያው ስጦታ በሉት። ለተራበ ሰው ቀለብ በብድር አይሰጥም፤ የሚከፍልበት የለውም፤ ካልከፈለ አፍሮ ከጉባኤው ይቀራል። ብድር ለሥራ መሣሪያና ለሸቀጥ ብቻ ይሁን፣ ከሌላ ሒሳብ ይውጣ። መያዣ አትጠይቁ፤ ትንሽ ስጡና ሲመልስ ጨምሩ። ቢከስር የሚሰረዝበትን አሠራር አስቀድማችሁ ጻፉ።

---

ቋሚ_አንባቢ

ስለ ውጭ ሰዎች፦ ገላትያ 6፥10 ሁለቱንም ይዟል፦ ለሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ለእምነት ቤተ ሰዎች። «ይልቁንም» ቅደም ተከተል ነው እንጂ አጥር አይደለም። ክርስቲያኖችን ይጠላ የነበረው ንጉሥ ዮልያኖስ በ362 ለገላትያው የጣዖት ሊቀ ካህናት ሲጽፍ ያሳፈረው ነገር ይኸው ነበር፤ ገሊላውያኑ (ክርስቲያኖችን የሚጠራበት ስም ነው) የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ ይላል። በተግባር ቋሚው መዝገብ ለአጥቢያው ነዋሪ ይሁን፣ እምነቱ ሳይጠየቅ፤ ወሰኑ መጎብኘት የሚቻልበት ርቀት ነው። መንገደኛ ከድንገተኛውና ከበሩ ድርሻ ይስተናገድ። ዲዳኬ የተባለው የጥንት ክርስቲያኖች የሥርዓት መጽሐፍ በምዕራፍ 12 ለመንገደኛ 2 ወይም 3 ቀን ይሰጣል፤ ሊቀመጥ ከፈለገና ሙያ ካለው ይሥራ፣ ሙያ ከሌለው እንደ ማስተዋላችሁ መላ ፈልጉለት ይላል። መላ መፈለጉ የተጣለው በተቀባዮቹ ላይ መሆኑን አስተውሉ። ምጽዋት የሚቀበል ሰው ቅዳሴ እንዲያስቀድስ ወይም ስብከት እንዲሰማ ግዴታ አታስገቡ፤ በዳቦ የተገዛ ጸሎት ለማንም አይበጅም።

---

እህተ_ማርታ

ፎቶ፦ አይሆንም። ሰጪዎቹ ማየት ከፈለጉ የሒሳብ ሪፖርቱን ይዩ። በአደባባይ ማሰለፍም እንደዚያው ነው፤ ያዕቆብ 2፥3 ባለጠጋውን «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ»፣ ድሀውን «ቁም» የሚለውን ጉባኤ ነው የሚወቅሰው፣ የኛ ሰልፍ ደግሞ ድሀውን ብቻ ያቆማል። በየቤቱ ይድረስ፣ ወይም በተለያየ ሰዓት በቀጠሮ እየመጡ ይውሰዱ። በቀጠሮ ከሆነ በአንድ ሰዓት ከ5 ሰው በላይ አታድርጉ። ያረጁትና የታመሙት በተወካይ ይቀበሉ፤ ተወካዩን ራሳቸው ይሰይሙ፣ ጎብኚው በየ3 ወሩ «ደረሰዎት?» ብሎ ከራሳቸው አፍ ይጠይቅ። በተወካይ እጅ የሚቀር ገንዘብ ከምታስቡት ይበዛል።

አንድ ያልተጠየቀ ነገር ልጨምር፦ ከመዝገብ የሚወጣ ሰው። ጊዜው ሲያልቅ ከአንድ ወር በፊት ይነገረው፣ በደብዳቤ ሳይሆን በአካል። ምክንያቱ ይነገረው። ቅር ካለው የሚሰማው ሰው ከጎብኚዎቹም ከወሳኞቹም ውጭ ይሁን፣ በ15 ቀን መልስ ይስጠው፤ እስከዚያ ድጋፉ አይቋረጥ። ዋሽቶ የተመዘገበ ከተገኘም ልጆቹን አትቅጡ፤ የእርሱ ድርሻ ይቁም፣ የልጆቹ በእናትየው ወይም በዘመድ በኩል ይቀጥል።

---

ሒሳብ_ሠሪዋ

ያንን «15 ቀን» ከእኔ ጋር አስማሚው እህቴ። የወር ክፍያው የሚወጣው በወሩ መጀመሪያ ከሆነ የመውጫ ማስታወቂያው ከ10ኛው ቀን በፊት ይድረሰው፤ አለዚያ ቅሬታው ሳይወሰን የሚቀጥለው ክፍያ ይዘላል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ሁለቱንም ደብተር ያበላሻል።

---

እህተ_ማርታ

ልክ ነሽ። በ5ኛው ቀን ይነገረው፣ ቅሬታውን እስከ 10ኛው ያቅርብ፣ መልሱ በ25ኛው ይሰጥ። ክፍያው ከመውጣቱ በፊት ለአንቺም 5 ቀን ይተርፍሻል።